ስለ መስታወት ሥዕልና ስለ ቤተ ክርስቲያን ብርሃን

ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፥ በዕለተ እሑድ ሌሎቹ ፍጥረታት በአርምሞ ሲፈጠሩ ብርሃን በነቢብ ተፈጠረ። ስለዚህ ብርሃን ወደ ቤተ መቅደስ በየት በኩል ይግባ ብሎ መጠየቅ የግንበኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሊቃውንትም ጉዳይ ነው።

የኢትዮጵያ አባቶች ይህን አልዘነጉትም። በላሊበላ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ ከታች ያሉት 9 መስኮቶቹ የታተሙ ሲሆኑ፥ ከላይ ያሉት 12ቱ ክፍት ናቸው፤ ብርሃኑም ከላይ ይወርዳል። በክብ ቤተ ክርስቲያንም ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፥ ከቅድስት ወደ መቅደስ እየገቡ በሄዱ መጠን ብርሃኑ እየቀነሰ፥ ምሥጢሩ እየጠለቀ ይሄዳል።

በፈረንሳይ አገር ግን አባ ሱዤር የተባለው አበምኔት የቅዱስ ዲዮናስዮስን ገዳም በ1144 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ሲያድስ፥ ግድግዳውን በባለ ቀለም መስታወት ከፈተው። ከዚያ ወዲህ መስታወት ለማያነብ ሕዝብ መጽሐፍ ሆነ።

ይህን ጥበብ ወደ ኢትዮጵያ ካመጡት ዋነኛው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ፤ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ሲሆን፥ ልባቸው ወደ ሥዕል ስለ አዘነበለ ሥዕልን ተማሩ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም ሥዕል ሠሩ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ያቆሙት የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በሦስት ክፍልም የአፍሪካን ያለፈ መከራ፥ ተጋድሎና ተስፋ ይናገራል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው።

የግድግዳ ሥዕል ብርሃንን በፊቱ ይቀበላል፤ የመስታወት ሥዕል ግን ብርሃንን በውስጡ ያሳልፋል። ጠዋትና ማታ፥ በበጋና በክረምት መልኩ ይለዋወጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅም ለውስጥ ተመልካች ዝም ይላል። በቅኔ ቤት ቋንቋ ቢነገር፥ መስታወቱ ሰም፥ ብርሃኑ ወርቅ ነው።

እንግዲህ ታላቁ ሥራቸው በጉባኤ አዳራሽ እንጂ በቤተ መቅደስ አለመቆሙ ያስቆጫልን? አያስቆጭም። መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የብሉይንና የሐዲስን ታሪክ በመስታወት ይዞ ይገኛልና፥ ቤተ ክርስቲያን ጥበቡን አልናቀችም። አፈወርቅም በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ የተቀበሩት በዚያው ካቴድራል ነው።

ነገር ግን መጠን ያስፈልጋል። በሆሳዕናም ሆነ በፎንቆ አዲስ ሕንፃ የሚያንጽ ምእመን፥ ያማረውን ሁሉ መስታወት ከገበያ ገዝቶ ከመግጠሙ በፊት፥ ሠዓሊውንና መምህሩን በአንድነት ያስቀምጥ። ሥዕሉ ሕዝብ በሚቆምበት ይብራ፤ የመቅደሱ ጸጥታ ግን ይጠበቅ። ሥርዓት የሌለው ቀለም ዓይንን ይጠራል፤ ሥርዓት ያለው ብርሃን ግን ልብን ወደ ጸሎት ይመልሳል።