በነጻነት ቀን የታዘዘ ባልጩት

ጁላይ 4 ቀን 1776 ፊላደልፊያ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች የነጻነት መግለጫውን እንዳጸደቁ ያልሰማ የለም (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የዚያኑ ዕለት ቃለ ጉባኤ ወረድ ብሎ የሚያነብ ግን ሌላ ውሳኔ ያገኛል፦ ኒውዮርክ ላለው ጦር ባልጩት እንዲሰጥ የፔንሲልቫኒያ የደኅንነት ኮሚቴ ይጠየቅ። ባልጩት ያኔ ምላጭ ሲሳብ ከብረት ጋር ተጋጭቶ ባሩዱን የሚለኩሰው ድንጋይ ነው። እሱ ከሌለ ጠመንጃው ዱላ ነው። ጉባኤው በዚህ አላበቃም። ባልጩት መጥረብ የሚያውቅ ሰው የት እንደሚኖር፣ ጥሩ ድንጋይ በየትኛው ግዛት እንደሚገኝ ተጣርቶ ከነናሙናው እንዲቀርብ አዘዘ። በዚያው ቀን ፍራንክሊን፣ አዳምስና ጄፈርሰን ለአዲሲቱ አገር ማኅተም የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ሆነው ተመረጡ።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። አንድ ሲስተም ምን እንደሠራ ማወቅ ስፈልግ ሎጉን እከፍታለሁ። አህጉራዊ ኮንግረስ የሚባለው የአሜሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ ሸንጎም ሎግ አለው፦ ከ1774 ጀምሮ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ34 ቅጽ አሳትሞታል፤ ኢንተርኔት ላይም በነጻ ይነበባል። እዚያ ውስጥ ያለው ታሪክ ከለመድነው የጀግኖች ታሪክ ይለያል። አገር መመሥረት ምን ያህል የጸሐፊ፣ የሒሳብ ሠራተኛና የጋሪ ነጂ ሥራ እንደሆነ፣ ያ ሥራ ሲጓደል ደግሞ ሰው እንዴት እንደሚሞት ያሳያል።

ሸንጎው ዛሬ የምናውቀውን ፓርላማ አይመስልም። ፕሬዚዳንት የሚባለው ሰው ስብሰባ ከመምራት ብዙም ያለፈ ሥልጣን የለውም። መጀመሪያ ላይ ሚኒስቴር የሚባል ነገርም አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም ጉዳይ እዚያችው ክፍል ውስጥ ይመጣል። የጆርጅ ዋሽንግተን ደብዳቤ ይነበባል፤ ሹመት የሚለምን መኮንን አቤቱታ ይቀርባል፤ ለፈረሰኛ መልእክተኛ፣ ለጋሪ ኪራይ፣ ለምርኮኞች ቀለብ ይከፈል ይባላል። ከበድ ያለው ጉዳይ ለኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው አጥንቶ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና ክርክር። ጁን 1776 ላይ የጦር ቦርድ ሲቋቋም ሰብሳቢ የሆነው ጆን አዳምስ ነው። አዳምስ ጠበቃ እንጂ ወታደር አልነበረም። የቦርዱን ሥራ የሚሠራውም ከሸንጎው ስብሰባ በተረፈው ሰዓት ነው፣ ጠዋትና ማታ።

ገንዘቡም ቃል በቃል የእጅ ሥራ ነበር። ጁን 1775 ሸንጎው 2 ሚሊዮን ዶላር የወረቀት ገንዘብ እንዲወጣ ወሰነ። እያንዳንዷ ኖት በእጅ ቁጥር ተጽፎባት፣ ሁለት ሰው ይፈርምባታል። ለዚህ 28 ሰዎች ተመደቡ፤ ክፍያቸው ለአንድ ሺህ ኖት አንድ ዶላር ከሲሶ። ፊርማውስ ተፈረመ፤ ዋናው ችግር ኮንግረስ ግብር የመጣል ሥልጣን አለመኖሩ ነበር። የሚችለው ከግዛቶቹ መዋጮ መጠየቅ ብቻ ነው። ቅጣት የሌለው እድር በሉት። ግዛቶቹ ሲያቅማሙ ተጨማሪ ኖት ይታተማል፤ በታተመ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ማርች 1780 ላይ ሸንጎው ራሱ 40 የወረቀት ዶላርን እንደ አንድ የብር ዶላር ለመቁጠር ተገደደ።

ይህ ሁሉ ሰው ላይ ምን እንዳደረሰ ለማየት ወደ 1777 መጨረሻ እንመለስ። እንግሊዞች ፊላደልፊያን ስለያዙ ሸንጎው ዮርክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሸሽቷል፤ የሚገኙት አባላት አንዳንዴ 20 እንኳ አይሞሉም። ጦሩ ቫሊ ፎርጅ ሰፍሯል። ዲሴምበር 23 ዋሽንግተን በጻፈው ደብዳቤ 2,898 ወታደሮች በጫማና በልብስ እጦት ለግዳጅ እንደማይበቁ አስታወቀ። አገሩ እህል ጠፍቶበት አልነበረም። ሸንጎው በዚያው ዓመት የስንቅ መምሪያውን ደንብ እንደ አዲስ ጽፎ በጥቃቅን የሒሳብ ሕግ አጥሮታል፤ ኃላፊው ጆሴፍ ትራምቡል ሥራውን ለቀቀ። የመጓጓዣው ኃላፊ ቶማስ ሚፍሊንም ለቀቀ። ምግቡ ቢኖር ጋሪ የለም፤ ጋሪ ቢገኝ ከፋይ የለም። እስከ ሰኔ ድረስ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ አብዛኛው በጥይት ሳይሆን በበሽታ። ማርች 1778 ናትናኤል ግሪን መጓጓዣውን ሲረከብ ነው ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው።

ጦርነቱ ሲያበቃም ሥራው አልቀለለም። ጁን 1783 ደመወዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ሸንጎው ያለበትን ሕንፃ ከበቡ። ሸንጎው የፔንሲልቫኒያን መንግሥት ሚሊሻ ጥራልኝ ቢለው እሺ አላለም። በቃ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ፕሪንስተን፣ ከዚያ ወደ አናፖሊስ ሄደ። አናፖሊስ ላይ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የሰላም ውል እንዲጸድቅ የዘጠኝ ግዛቶች ድምፅ ያስፈልጋል፤ የጸደቀው ሰነድ በስድስት ወር ውስጥ፣ እስከ ማርች 3 ቀን 1784 መለዋወጥ አለበት። ዲሴምበር ሲያልቅ ግን የተሟሉት ሰባት ግዛቶች ናቸው። ነጻነቱን የሚያረጋግጠው ወረቀት ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተኛ! የደቡብ ካሮላይናው ሪቻርድ ቤሬስፎርድ ፊላደልፊያ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ከሕመሙ ተነስቶ መጣ። ውሉ ጃንዋሪ 14 ጸደቀ። ባሕር ተሻግሮ የተለዋወጡትም ቀኑ ካለፈ በኋላ፣ ሜይ 12 ነው። ደግነቱ እንግሊዞች ጉዳዩን አላከረሩትም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው ከወንበሩ አልተነሳም። የሸንጎውን ፕሬዚዳንትነት 14 ሰዎች ሲፈራረቁበት፣ ጸሐፊው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቻርልስ ቶምሰን ነበር። ከአየርላንድ የመጣው በልጅነቱ፣ አባቱ መርከብ ላይ ሞቶበት ነው። መግለጫው ጁላይ 4 ማታ መጀመሪያ ሲታተም የነበሩበት ስሞች ሁለት ናቸው፦ የፕሬዚዳንቱ የሃንኮክና የቶምሰን። ያ የማኅተም ጉዳይ ደግሞ ሦስት ኮሚቴና ስድስት ዓመት ፈጅቶ በ1782 የተቋጨው እሱ እጅ ላይ ነው። ዛሬ ዶላር ላይ የምናየው ንስር የአንድ ጸሐፊ ማጠቃለያ ነው ማለት ይቻላል።

በ1787 ሕገ መንግሥቱን ከጻፉት መካከል ማዲሰንና ሃሚልተን እዚያ ሸንጎ ውስጥ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ቀምሰዋል። ጽሑፋቸው ላይ ይታያል። ኮንግረስ ከተሰጡት ሥልጣኖች ዝርዝር የመጀመሪያው ግብር መጣል ነው። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ የተገኙት ጥቂቶች የቀሩትን አባላት አስገድደው ማስመጣት እንዲችሉም ተጽፏል። ያቺ አንቀጽ ለእኔ ከብዙ ንግግር በላይ ትናገራለች፤ አናፖሊስ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው ሲጠብቅ የከረመ አገር የጻፋት ናት።

አዲሱ ኮንግረስ ማርች 4 ቀን 1789 ኒውዮርክ ላይ ሊከፈት ተቀጠረ። በቀጠሮው ቀን ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። የተወካዮች ምክር ቤት ኤፕሪል 1፣ ሴኔቱ ኤፕሪል 6 ሞላላቸው። ከዚያ በኋላ ቶምሰን ለዋሽንግተን መመረጡን ሊነግር ወደ ቨርጂኒያ ተጓዘ። ጁላይ ላይ ሥራውን ለቀቀ፤ መዝገቦቹንና ማኅተሙንም አስረከበ።