ብስባሽ ከጉድጓድ ወጥቶ ሽቦ እስኪለብስ

በብዙ አገር የጓሮ አትክልት አልሚዎች ዘንድ አንድ ቀላል ዕቃ አይጠፋም፤ በክብ የታጠፈ የዶሮ ሽቦ። ቅጠሉ፣ የድንች ልጣጩ፣ ገለባውና የታረመው አረም እዚያ ውስጥ ይከመራል፤ ከወራት በኋላም ጥቁርና ፍርፍር ያለ አፈር ሆኖ ይወጣል። ዕቃው ለመሥራት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ወደ ጓሮ የመጣበት መንገድ ግን ረጅም ነው፤ አንዱ ጫፉ እንግሊዝ፣ ሌላው ሕንድ ነው።

በምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኘው ኖርዊች ለዘመናት በሱፍ ጨርቅ ሸማኔዎቿ ትታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1844 በዚያች ከተማ የብረታ ብረት ነጋዴ የነበረው ቻርለስ ባርናርድ የጨርቅ መሸመኛ ማሽን አሠራርን ተከትሎ ሽቦ የሚሸምን ማሽን ሠራ። ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው ሽቦ የተወለደው እንዲህ ነው። ቀላልና እንደ ልብ የሚታጠፍ በመሆኑ ገበሬው ዶሮውን ሊያጥርበት፣ አትክልቱንም ከጥንቸል ሊጠብቅበት ወደደው። ስለ ብስባሽ ያሰበ ማንም አልነበረም።

የብስባሹ ታሪክ መካከለኛው ሕንድ ላይ ይጀምራል። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልበርት ሃዋርድ ሕንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። እሱና የሥራ ባልደረባው የነበረችው ባለቤቱ ጋብሪኤል፣ የሰብል በሽታ ከአፈሩ መድከም ጋር የተያያዘ መሆኑን ከዓመት ወደ ዓመት እያመኑበት ሄዱ። እዚያም እንደ እኛ ደጋ ሁሉ የከብቱ አዛባ ኩበት ሆኖ ይነድዳል እንጂ ወደ ማሳ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ታዲያ በትንሽ ፍግ ብዙ ማዳበሪያ ማግኘት እንዴት ይቻላል? ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ በኢንዶር ከተማ በተቋቋመው የዕፅዋት ምርምር ተቋም የሠራው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ዘዴው በጉድጓድ ነበር። ርዝመቱ 30 ጫማ፣ ወርዱ 14 ጫማ፣ ጥልቀቱ 2 ጫማ ብቻ። የጥጥ እንጨት፣ የሸንኮራ ቅጠልና አረም በስሱ ይነጠፋል፤ በላዩ ፍግ፣ የከብት ሽንት የጠጣ አፈርና አመድ ይበተናል፤ ውሃ ይረጫል፤ ከዚያ ሌላ ንጣፍ ይቀጥላል። ክምሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል። ፍጉ እዚህ ላይ ሥራው እንደ እርሾ ነው፤ ጥቂቱ ብዙውን ያነሣል። ሃዋርድ ይህን አሠራር ከሕንዳዊው ባልደረባው ከዋድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1931 በመጽሐፍ አሳተመ።

አንድ ችግር ግን ነበር፤ ዝናብ። የሞንሱን ዝናብ ሲመጣ ጉድጓዱ በውሃ ይሞላል፣ አየር ያጣል፣ ይሸታል። ክምሩን የሚያበስሉት ረቂቅ ተሕዋስያን አየር ካላገኙ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ በምትካቸው ሽታ የሚያመጡት ይነግሣሉ። ስለዚህ በዝናብ ወራት ብስባሹ ከጉድጓድ ወጥቶ በመሬት ላይ ይከመር ጀመር።

የኢንዶር ዘዴ ወደ ዝናባማዋ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ሲሻገር ክምሩ ከመሬት በላይ ቀረ። በአሜሪካ ጄ. አይ. ሮዴል እ.ኤ.አ. በ1942 መጽሔት አቋቁሞ ትምህርቱን ለጓሮ አልሚዎች አዳረሰ። በጠባብ ጓሮ ውስጥ ደግሞ ክምር ይናዳል፣ ዶሮ ይበትነዋል። ሳይናድ የሚይዘው፣ አየርም የማይከለክለው ዕቃ በየብረታ ብረት መደብሩ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር፤ የኖርዊቹ ሽቦ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፍታው አንድ ሜትር የሆነ ሽቦ ከሦስት ሜትር ትንሽ አስበልጦ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ጫፎች ተገናኝተው በሦስት በአራት ቦታ በቀጭን ሽቦ ይታሰራሉ። ወርዱም አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ ያነሰ ክምር ሙቀቱን ይዞ መቆየት ያቅተዋል። መገልበጥ ሲያስፈልግ ማሰሪያው ይፈታል፣ ሽቦው ተነሥቶ ከጎን ይተከላል፤ ራሱን ችሎ የቆመው ክምር በመንሽ እየተነሣ ወደ አዲሱ ቦታ ይገባል። ደርቆ የቆየው ዳር ወደ መካከል፣ የበሰለው መካከል ወደ ዳር ይሄዳል። ሃዋርድ ሦስት ጊዜ ያስገለብጥ የነበረው ለዚሁ ነው።

በኢትዮጵያ ብስባሽ ትልቁን ፈተና ያለፈው በትግራይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው የዕፅዋት ተመራማሪዋ ሱ ኤድዋርድስ፣ በዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት አማካይነት ከአርሶ አደሮችና ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሥራውን ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 በገበሬዎች ማሳ ላይ በተመዘገበው ምርት፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካልተጨመረበት በእጅጉ በልጦ፣ የፋብሪካ ማዳበሪያ ከተጨመረበት ጋር ተስተካክሎ ወይም በልጦ ተገኘ። አቅሙም በአንድ ዓመት አላለቀም፤ በቀጣዩ አዝመራም ታየ። ይህ ውጤት የገበሬው ላብ ውጤት ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል።

በትግራይ ደረቅ መሬት ብስባሹ በበጋ የተሠራው በአብዛኛው በጉድጓድ ነው። እርጥበት በሚያጥርበት አገር ጉድጓዱ ውሃውን ይይዛል፤ ሽቦው ግን ነፋስ አስገብቶ ያደርቀዋል። ክረምቱ በሚበረታበት በአዲስ አበባና በመሰል ደጋ ከተሞች ነገሩ ይገለበጣል፤ ጉድጓድ በውሃ ይሞላል፣ የሽቦው ክብ ግን ይተነፍሳል። ለጥንቃቄ በክረምት ከላይ ሸራ ወይም የኮባ ቅጠል ይደረግለታል፣ በበጋ ከውስጥ ዙሪያውን ካርቶን ይለብሳል፣ ውሃም ይረጫል። አረሙ ለምልሞ ሳይደርቅ በመስከረም የተጀመረ ክምር፣ የደጋው ብርድ ቢያዘገየው እንኳ፣ በጊዜው ከተገለበጠ ለበልግ ተከላ ይደርሳል።