የቃፊር ጀግንነት፤ ማሞ ሀብተ ወልድ በኮርያ ምድር

ጀግንነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፎክሮ መግባትንና ግዳይ መጣልን ነው። ነገር ግን ከጦር ሥራ ሁሉ ፉከራ የማይገባበት አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ቃፊርነት ነው። ቃፊር ከሠራዊቱ ቀድሞ ይወጣል፤ የጠላትን ስፍራ፥ ብዛትና አሰላለፍ መርምሮ ይመለሳል። ጌዴዎን ከሎሌው ከፉራ ጋራ በሌሊት ወደ ምድያም ሰፈር የወረደው ለዚህ ነበር፤ ድሉም የተጀመረው በጸጥታ ሰምቶ በመመለሱ ነው።

ከይፋግ ወደ ወረታ ወርዶ የፎገራን ሜዳ የተመለከተ ሰው የቃፊርን ጭንቀት በቀላሉ ያስተውለዋል። ርብና ጉማራ የሚያጠጡት ያ ሰፊ ሜዳ መሸሸጊያ የለውም፤ በኮረብታ ላይ ያለው ያያል፥ በሜዳ ላይ ያለው ይታያል። እንዲህ ባለ ገላጣ ስፍራ ሁለት ጦር ፊት ለፊት ቢሰፍር፥ በመካከል ለሚሄደው ቃፊር መጋረጃው ጨለማ ብቻ ነው።

በ1945 ዓ.ም. በኮርያ የነበረው ሁኔታ ይህንኑ ይመስል ነበር። ጦርነቱ በሰኔ 1942 ዓ.ም. በተነሣ ጊዜ፥ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለተጠቃው ሕዝብ ረዳት ጦር ለመላክ ወሰኑ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው ስለ አገራቸው ጩኸው ሰሚ ያጡ ንጉሥ ነበሩና፥ የተጠቃ ሕዝብ ብቻውን መተው ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ከክቡር ዘበኛ የተመረጠው ጦር በራስ መኰንን ፈረስ ስም ቃኘው ተብሎ በ1943 ዓ.ም. ባሕር ተሻገረ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥርም ተሰለፈ። በ1945 ዓ.ም. ሁለቱ ወገን በየኮረብታው ምሽግ ቈፍሮ ተቀምጦ ስለ ነበር፥ በመካከል ባለው ሸለቆ የሚመላለሰው የሌሊት ቃፊር ነበር።

በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ምክትል የመቶ አለቃ ማሞ ሀብተ ወልድ፥ ዕድሜው ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ሳለ፥ 14 ኢትዮጵያውያንና አንድ አሜሪካዊ ያሉበትን የቃፊር ጓድ ይዞ ወጣ። ራሱ ኋላ እንደ መሰከረው፥ 300 የሚያህሉ የቻይና ወታደሮች ከበቡአቸው። ጌዴዎን በ300 ሰው ብዙውን ድል ነሥቶ ነበር፤ ማሞን ግን 300ው ራሱ ከጥቂቶቹ ጋራ መጣበት። አሜሪካዊው ጭምር 4 ሰዎች ሞቱ፥ የቀሩትም ቈሰሉ፤ እጁን የሰጠ ግን አልነበረም።

ቃፊር ከታየ ሥራው ከሸፈ የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ቃፊር የሚላከው ለማየት እንጂ ለመታየት አይደለም። ነገር ግን አለቃ የሚመዘነው ያሰበው ሲሳካለት ብቻ አይደለም፤ ያሰበው ሲፈርስበትም ነው። በዚያች ሰዓት ነፍሱን ብቻ ለማዳን ጨለማው በቂ ነበር፤ እርሱ ግን ከቈሰሉት ጋራ መቆምን መረጠ። ስለዚህም አሜሪካ ሲልቨር ስታር የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ ሰጠችው፤ አገሩም ሸለመችው። ኋላም ሻምበል ለመባል በቃ።

ጦርነቱ በሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኩስ ማቆም ስምምነት ሲገታ፥ ከቃኘው ጦር ከ120 በላይ ሞተው፥ ከ500 በላይ ቈስለው ነበር፤ የተማረከ ግን አንድም አልተገኘም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋራ ስለ ተወዳጀ፥ የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ለረጅም ዘመን በአደባባይ የሚነገር አልሆነም። የመንግሥታት ወዳጅነት ይለዋወጣል፤ ሟች ግን የሞተበትን ነገር ሊለውጥ አይችልም።

በኮርያ የወደቁት በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መታሰቢያ አላቸው። ካህን በዚያ ሲያልፍ በጸሎት ያስባቸው፤ አባትም ለልጁ ሲነግር ከግዳዩ ይልቅ ቍስለኛውን ትቶ ያልሄደውን ወጣት ይንገረው። ትውልድን የሚያንጸው ይህ ነውና።