የኔታ ፍለጋ

ሲቪያችንን አሳምረን ለሃምሳ ሰው ኢሜይል እንልካለን። መልስ የለም። ከዚያ «እዚህ አገር የሚያሳይ ሰው ጠፋ» እያልን ቡና ላይ እናማርራለን። «ሜንቶር» የሚባለውም ነገር ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ፋሽን ይመስለናል። ግን እኮ በዚሁ አገር መምህር ፍለጋ ስንቱ በእግሩ አገር አቋርጧል!

እስቲ ወደ መካነ ሰላም እንሂድ። ከተማዋ በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ነው ያለችው። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳምም በዚሁ በቦረና ምድር ነው። አባ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1424 «መጽሐፈ ምስጢር»ን የፈጸሙ፣ ከግእዝ ታላላቅ ደራሲዎች አንዱ ናቸው። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን የቤተ መንግሥት ካህን ስለነበሩ ልጃቸውን እቤት አስተምረው ሊጨርሱ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላኩት።

ለምን ሐይቅ? በመምህራኑ ዘር ምክንያት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱስ ሞአ ትግራይ ድረስ ሄደው በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተቀመጡ። በኋላ ሐይቅ ገብተው ገዳሙን የትምህርት ቦታ አደረጉት። ተክለ ሃይማኖት ደግሞ ከሸዋ ተነሥተው እሳቸውን ፍለጋ መጡ። ያኔ ሰው የሚመርጠው ሕንፃ ወይም ማዕረግ አልነበረም። ጥያቄው «ማን አስተማረው? እሱስ ማንን አወጣ?» የሚል ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ገድላቸው እንደሚተርከው ወጣቱ ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርት አልገባው አለ። መምህሩ ወደ ቤቱ ሰደዱት። አባትየው ግን «አንዴ ለገዳሙ ሰጥቼዋለሁ፣ ያገልግል» ብለው መለሱት። እህል እየፈጨ ኖረ፤ በመጨረሻ ግን ትምህርቱ ተገለጠለት። ገድሉ ምስጋናውን ለእመቤታችን ይሰጣል። እኔን የገረመኝ ግን በሩ ሳይዘጋ መቆየቱ ነው። ተማሪ ሆኖ ባይሳካለትም እዚያ ግቢ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነበረው። ስለዚህ ከድምፁ አልራቀም። የዛሬ ኢንተርንሺፕ ሦስት ወር ነው፤ በሦስት ወር ካልገባህ ቻው!

ይህን ሁሉ የመምህሩ ደግነት ብቻ ነው የቻለው እንዳትሉ። የቆሎ ተማሪ ለየኔታ ደመወዝ አይከፍልም። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከውሻ እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ መንደሩም ቁራሹን ይሰጠዋል። ነባሩ ተማሪ ደግሞ አዲሱን ያስጠናል። የማስተማሩ ሸክም ለመምህር፣ ለመንደርና ለጓደኛ ተከፋፍሏል። እኛ ግን ያን ሁሉ ሸክም በአንድ ሥራ የበዛበት አለቃ ጫንቃ ላይ ጭነን «ለምን አልመለሰልኝም?» እንላለን።

ደግሞ ድሮውን ብቻ እያሞገስን አንለፍ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም፤ እኔ ያን ዘመን ብወለድ አባቴ ምንም ቢለምን ከበሩ አላልፍም ነበር። በጎጃም ስመ ጥር የቅኔ መምህርት የነበሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን የተማሩት ከገዛ አባታቸው ነው። መምህር አባት ያልነበራቸው ስንት ገላነሾች እንደቀሩ አስቡት! መምህር ማግኘት የዕድል ጉዳይ ሲሆን በመጀመሪያ የሚቀረው በሩ የተዘጋበት ሰው ነው።

ታዲያ ምን እንያዝ? ሰውየውን በዝናው ሳይሆን ባወጣቸው ሰዎች እንምረጥ። «ሜንቶር ይሁኑኝ» ብሎ ትልቅ ቃል ከመወርወር ሥራውን አንብበን አንድ የተለየ ጥያቄ ይዘን እንሂድ። ባዶ እጃችንንም አንሂድ፤ የቃለ ምልልስ ቅጂ መገልበጥም ቢሆን የዘመኑ እህል መፍጨት ነው። (በነጻ ለዓመታት ይበዝብዙን ማለቴ ግን አይደለም፤ እየፈጨን ካልሰማን ወፍጮ ቤት ነው የተቀጠርነው።) አንዴ እንቢ ስንባል ደግሞ አንጥፋ።

ከሁሉም በላይ ነባሩ ተማሪ እንዳይረሳ። ከእኛ አንድ ዓመት ቀድሞ የገባው ልጅ መንገዱን ገና አልረሳውም። እኛም ከኋላችን ለመጣችው ልጅ ነባር ነን። ለእሷ ኢሜይል መልሰናል?