አሶሳ የደረሰው የባሕር ሻጋታ

ማንጎው ጥላ ሥር ሰብሰብ በሉማ። ተረት ተረት ልል ነበር፤ ግን ይኼ የሆነ ነገር ነው።

አሶሳ ላይ ክረምት ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሰማ ያውቃል። ያ ውኃ ገሚሱ በዳቡስ፣ ገሚሱ በሱዳን በኩል ዞሮ ዓባይ ይገባል። ከመጠጥ፣ ከመስኖና ከፀሐይ የተረፈው ሜዲትራኒያን ይወርዳል። በዚያ ባሕር ላይ ሰርዲኒያ የምትባል የጣሊያን ደሴት አለች። ታሪኬ ከዚያ ይጀምራል።

ዘመኑ 1937 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1945። ዋና ከተማዋ ካልያሪ በቦምብ ፈራርሳለች። ጁዜፔ ብሮትዙ የሚባል የጤና አጠባበቅ መምህር አንድ ነገር ከነከነው አሉ፦ የከተማው ፍሳሽ ባሕሩ ውስጥ ይደፋል፣ ልጆች እዚያው ይዋኛሉ፤ ታይፎይዱ ግን እንደተፈራው አልበረታም። ለምን?

ሌላው አፍንጫውን ይዞ በሚያልፍበት ስፍራ እሱ ጎንበስ ብሎ ውኃ ቀዳ። ቢያበቅለው ሻጋታ ወጣ፤ የሻጋታውም ጭማቂ የታይፎይዱን ባክቴሪያ ገደለ። በሕሙማን ላይ ሞከረው፤ በፈረንጆቹ 1948 ጻፈው። የመድኃኒት ፋብሪካዎቹ ግን ፊት ነሱት። ምን ያድርግ? የሻጋታውን ዘር ወደ እንግሊዙ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላከ።

እዚያ ኤድዋርድ አብርሃምና ጋይ ኒውተን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ዓመታት ሲያጣሩ ከርመው በፈረንጆቹ 1953 ከሻጋታው ሴፋሎስፖሪን ሲ የተባለውን ንጥረ ነገር አገኙ። ጉዱ ምን መሰላችሁ? አንዳንድ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የሚሰባብርበት ኢንዛይም አለው፤ ይኼን ግን አቃተው። ኃይሉ ብቻ አነስተኛ ነበር። ኬሚስቶች አስኳሉን ይዘው ቅርንጫፉን እየቀያየሩ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አስወለዱት።

 

ከልጅ ልጆቹ አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ገበያ የወጣው ሴፍትሪአክሶን ነው። ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ መወጋት ይበቃል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ነው፤ ይህ በሽታ ሲመጣ ሐኪም ፈጥኖ እጁን የሚሰድደው ወደዚህ ብልቃጥ ነው።

ከአሶሳ እስከ ቅርቡ ባሕር በቀጥታ ቢለካ እንኳ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነርሷ ግን የዚያን የባሕር ሻጋታ የልጅ ልጅ፣ ነጣ ያለውን ዱቄት በውኃ በጥብጣ፣ ብልቃጡን ነቅነቅ አድርጋ በመርፌ ትስበዋለች። ውጭ ይዘንባል፤ ጎርፉም ወደ ዓባይ እየወረደ ነው።