የትኛው ሥላሴ?

በእንግሊዝኛ የተጻፈ ታሪካችንን ሳነብ አንድ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። «ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1936 ጄኔቭ ላይ ንግግር አደረገ» ይላል። ቆይ፣ የትኛው ሥላሴ? አብ? ወልድ? መንፈስ ቅዱስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1930 ሲነግሡ የክርስትና ስማቸውን የንግሥና ስም አደረጉት፦ ኃይለ ሥላሴ፣ የሥላሴ ኃይል። ሁለት ቃል፣ አንድ ስም። እንግሊዝኛው ግን ሰውን አንዴ በሙሉ ስሙ ይጠራና ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ቃል ብቻ ይቀጥላል፤ የቤተሰብ ስም ይመስለዋላ! እናም ንጉሡን ለሁለት ቆረጣቸው።

ከቤተ መንግሥት ወደ ሩጫ ሜዳ ብንወርድም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ነው፤ በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ወርቁን የወሰዱት ግን አባቱ ቢቂላ ናቸው። አትላንታና ሲድኒ ላይም ኃይሌ ሮጦ ገብረ ሥላሴ አሸነፉ።

ስቀን እንዳናልፈው፣ ባሕር ማዶ ያለው ወገናችን ዋጋ ይከፍልበታል። እናት፣ አባትና ልጅ የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ሲቀርቡ «ዝምድናችሁ ምንድን ነው?» ይባላሉ። የገዛ ልጅን በወረቀት ማስመስከር ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞ የማይቻል ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የታተመው «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ» ኢትዮጵያውያንን የደረደረው በራሳቸው ስም ነው። «አበበ አሸነፈ» ለማለት የሚያንሰው እንግሊዝኛ የለም። እንግዳ ስም ጥፋት የለበትም፤ ባለቤቱን ጠይቆ መጥራት ነው እንጂ!