የዲኤንኤስ ብልሽት በቤት ኢንተርኔት

ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር ሥርዓት ሲሆን፣ በ1983 እ.ኤ.አ. በፖል ሞካፔትሪስ የተነደፈ ነው። ድረ ገጽ አልከፈት ሲል ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው መስመሩ ነው። ወቀሳው ግን መፈተሽ ይኖርበታል። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የዲኤንኤስ አገልጋይ 8.8.8.8 በፒንግ ትእዛዝ ሲጠየቅ መልስ እየሰጠ የድረ ገጹ ስም ካልተገኘ፣ መስመሩ ደህና ነው፤ ችግሩ በስም ፍለጋው ላይ ነው። ሁለቱም መልስ ካጡ ግን መስመሩን፣ ራውተሩንና የጥቅሉን ቀሪ ሒሳብ ማየት ይቀድማል። ችግሩ በአንድ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ብቻ ከታየ፣ ጥፋቱ በዚያው መሣሪያ ቅንብር ወይም ባስቀመጠው አሮጌ አድራሻ ላይ ሊሆን ይችላል።

«ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ጊዜያዊ ስህተትን ያጸዳል፤ መንስኤውን ስለማያሳይ ግን ችግሩ ሊመለስ ይችላል። ሌሎች ደግሞ በዲኤንኤስ ቅንብሩ ውስጥ ሌላ አገልጋይ፣ ለምሳሌ 1.1.1.1ን፣ መሙላት ለሁሉም መፍትሔ ነው ይላሉ። ይህ የስም ፍለጋን ብልሽት ያልፋል እንጂ የተቋረጠ መስመርን አይቀጥልም፤ ቀርፋፋ መስመርንም አያፈጥንም። ስለዚህ ቅንብር ከመቀየር በፊት ምርመራ ይቅደም።